ሃምቡርግ አይደለም፣ ሮስቶክ ነው

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሥራ ቦታዬ ምሳ ክፍል ውስጥ አንዱ በጭስ የደረቀ ዓሣ ቆርቆሮ ከፈተ። ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ተነሳ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ተፈራን ቀብረናል። ከቀብር መልስ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሽ ተፈራ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባደግኩበት አፓርትመንት ከእኛ በታች ይኖሩ ነበር። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። የሆቴል ፓርኪንግ ሠራተኛ ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ያን ዓሣ ጥቁር ዳቦ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ ሽታው ደረጃውን ይዞ እኛ ቤት ይገባል። በጾም ሰሞን ሕንጻው ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ዓሣ ያስገድፋል፣ አያስገድፍም። እናቴ «ኧረ እኚህ ሰውዬ ሊፈጁን ነው!» እያለች መስኮት ትከፍታለች። እሳቸው ምን ገዷቸው! «ወደብ የለመደ አፍ ነው፣ ምን ላድርገው?» ይላሉ።

ወደቡ ሮስቶክ ነው፤ ያኔ ምሥራቅ ጀርመን በምትባለው አገር። መንግሥት ልኳቸው ክሬን መንዳት ተማሩ፤ ተመልሰው አሰብ ላይ መርከብ ሊያራግፉ። የሕንጻውን ልጆች ሰብስበው፣ መኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ በጠመኔ ወደቡን ይስሉልን ነበር፤ እዚህ ባሕሩ፣ እዚህ ክሬኖቹ፣ እዚህ ማዕበል የሚመልሰው የድንጋይ ግድግዳ። ጀርመን ለሁለት ስትከፈል ትልቁ ወደብ ሃምቡርግ በወዲያኛው በኩል ቀረ። ሮስቶክ ላይ አዲስ ወደብ መሥራት ግድ ሆነ፤ ለግድግዳው ድንጋይ ከየቦታው ተለቀመ፣ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለቀሙ። «እንደናንተ ያሉ ልጆች!» ይሉና ጠመኔውን ያወዛውዛሉ። ታናሽ ወንድሜ በእንግሊዝኛ እዚያ መዋኘት ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል፤ እሳቸው በአማርኛ ይቆጡታል።

ከዚያ ታሪኩ ይበላሻል፤ ድምፃቸውም አብሮ። ጀርመንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ፈረሰ፣ ጭነቱ ወደ ሃምቡርግ ዞረ፣ ክሬኖቹ ቆሙ። አሰብም ከእጃችን ወጣች። የተማሩበት አገር የለም፣ የተማሩለት ወደብ የለም። ሥራ ከፈታው ሰው መካከል ንዴቱን በውጭ አገር ሰው ላይ የተወጣው ብዙ ነበር። ለሥራ የመጡ ቬትናሞች የሚኖሩበትን ሕንጻ ሰዎቹ ውስጥ እያሉ በእሳት ለኮሱት፤ በጣሪያ አምልጠው ነው የተረፉት። ጎረቤት ቆሞ አጨበጨበ። ጋሽ ተፈራ እዚህ ጋ ሲደርሱ ጠመኔውን ይወረውሩታል። «ያን ድንጋይ የለቀሙ እጆች ናቸው ያጨበጨቡት!» ይላሉ። በእነዚያ ቀናት ክሬን ያስተማሯቸው ሽማግሌ ጀርመናዊ ከቤታቸው የወጥ ቤት ወንበር ተሸክመው መጥተው፣ የጋሽ ተፈራ በር ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ተቀመጡ። ማንም አልገባም።

እውነቱን ለመናገር ተረት ይመስለኝ ነበር። እንቁጣጣሽ ዕለት ፔንታጎን ተመትቶ ጭሱን ከሰፈራችን ያየን ጊዜ ነው ያመንኩት። በሳምንቱ ከፊት ለፊታችን በሚኖሩት አፍጋናዊት፣ በወይዘሮ ናስሪን በር ላይ ስድብ ተጽፎ አገኘን። እናቴ «እኛን አይመለከተንም፣ ግቡ!» አለችን። ጋሽ ተፈራ ግን አሞኛል ብለው ሥራቸውን ሲክ ኮል አድርገው፣ የወጥ ቤት ወንበራቸውን ይዘው ወጡና በሩ ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ፤ ያን ዳቦና ዓሣቸውን እዚያው እየበሉ።

«ምን እየሠሩ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተቀምጫለሁ» አሉኝ። «ለእኔም ተቀምጠውልኛል።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጽፌ ነው ለቀብር ኮሚቴው የሰጠሁት፤ አንድ ገጽ ተኩል። ሰብሳቢው አቶ ግርማ ኮል አደረጉልኝ። «የኔ ልጅ፣ ምሥራቅ ጀርመን ካልን የደርግ ሰው ነበሩ ብሎ ሰው ያወራል። ሮስቶክንስ ማን ያውቀዋል? ሃምቡርግ ብንለው ምናለበት?»

«ኧረ አቶ ግርማ! ያንን ስም መስማት እንኳ አይወዱም ነበር!»

«አስተካክለዋለሁ፣ አታስቢ» አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኳቸው።

ከቀብር መልስ በተሰበሰብንበት የሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ውስጥ ማይክራፎኑ ተከፈተ፤ «በጀርመን አገር፣ በሃምቡርግ ከተማ፣ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው...» ከፍተኛ ትምህርት! ክሬን መንዳት ምኑ ያሳፍራል? ሰባ ዓመት የኖሩ ሰው በሦስት መስመር አለቁ። ድንጋዩ የለ፣ ወንበሩ የለ። ደሜ ፈላ፤ ግን ሰው ፊት ነው፣ ለቅሶ ላይ ነን ብዬ እንደ ሁሉም አንገቴን ደፋሁ።

አጠገቤ ወይዘሮ ናስሪን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ልጃቸው ነድቶ ነው ያመጣቸው። አማርኛ አንዲት ቃል አይሰሙም። ንባቡ ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ «ስለ ወንበሩ ተናገሩ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ግርማን ልረግም አፌን ስከፍት ያቺ «አዎ» ትቀድመኛለች። ወረቀቱን ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለወይዘሮ ናስሪን የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ።

ወንበሩ እኔ ጋ ነው፤ የጋሽ ተፈራ ዕቃ ሲከፋፈል ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ ወሰድኩት። አንድ እግሩ ይወዛወዛል። ለአርባቸው ወይዘሮ ናስሪንን ጠርቻቸዋለሁ፤ ወንበሩንም ከአሁኑ መኪናዬ ላይ ጭኜዋለሁ። አዳራሹ በር ላይ አስቀምጬ፣ ያቺን አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፌን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ማይክራፎኑን እስኪሰጡኝ አልነሳም።