ወተት ለማይጫወት ልጅ

ቆቦ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር ከወላጅ ጋር የተጣላሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ብዙ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ጠቡ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ አባት፣ ሱቅ ያለው የተከበረ ነጋዴ፣ አጥሩን ተደግፎ ልጁ አሸዋ ላይ ሲንከባለል ያይና ቢሮ ድረስ ይመጣል። ልጁን የላከው ፊደል እንዲቆጥር እንጂ ሲቦርቅ እንዲውል እንዳልሆነ፣ ለመቦረቅማ የራሳቸው ደጅ እንደሚበቃ ይነግረኛል። ባልደረቦቼ ሕፃን የሚማረው በጨዋታ ነው እያሉ በጥሩ ቃል ያስረዱታል። እኔ ግን ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ልጅዎ መጫወት ያቆመ ዕለት ይምጡ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን እለዋለሁ። ሰውየው ተቀይሞ ይሄዳል፣ ርዕሰ መምህሯም ትቆጣኛለች። ቁጣዬ ከየት እንደሚመጣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜ አራት አልሞላውም። ቤታችን ከሮቢት ወደ ቆላው ገባ ብሎ ነበር። ማሽላው ሁለት ክረምት በተከታታይ እሸት ሳይይዝ ደረቀ። መጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ፤ ቀጥሎ አባቴ የጥጥ ለቀማ ይገኛል ሲሉት ወደ አዋሽ ወረደና ወሬው ጠፋ። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን እየጎተተች፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ዳር ቆቦ አደረሰችን። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ባገኘን ቁጥር እንዳናይ በነጠላዋ ጫፍ ትጋርደን ነበር፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ከተማው ጫፍ ላይ ከጆንያና ከሸራ የተሠራ መጠለያ ነበር። እህል ለሁሉም በሰልፍ ይሰፈራል፤ አንዳንድ ቀን ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን ሰልፉ ሳያልቅ እህሉ ያልቃል። ወተት የሚሰጠው ግን በጣም ለደከሙ ሕፃናት ብቻ፣ በተለየ ድንኳን ነው። ወንድሜ ተመዝኖ ገባ። እናት አብራ ትቀመጣለችና እናቴም ገባች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ፣ ማንም አላስወጣኝም።

ድንኳኑ አጠገብ አንድ ግራር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ፣ ሱሪ የለበሰች ወጣት፣ ጥላው ሥር ሕፃናቱን ትሰበስብ ነበር። ከጨርቅ ኳስ ሰፍታለች፤ እያጨበጨበች ታዘፍናለች፤ ዓይኗን ሸፍና «አኩኩሉ» ትላለች። ያን ጊዜ ስሙን ባላውቀውም መዋዕለ ሕፃናት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ወንድሜ ወተቱን ማግኘት ከጀመረ ትንሽ ቀናት በኋላ ኳሱን ተከትሎ ሮጠና ሳቀ። እናቴ ሳቁን ስትሰማ አለቀሰች።

መዘዙ የመጣው ከዚያው ከሳቅ ነው። የድንኳኑ ኃላፊ ድሬሰር፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ዝምተኛ የሕክምና ረዳት፣ ጠዋት ጠዋት ግራሩ ጋ ቆሞ ልጆቹን ያያል። ሚዛን ነበረው፤ ከሚዛኑ ይልቅ ግን ዓይኑን ያምን ነበር። የሚሮጥ ልጅ ድኗል ማለት ነው፤ እሱ ወጥቶ ውጭ ከሚጠብቁት አንዱ ይገባል። የወጣው ልጅ እናት ትንሽ ስንዴ ተሰፍሮላት ወደ አገሯ ትሸኛለች። አገሯ ምን አለና! ከጎናችን የነበረች ሴት ልጇ ድብብቆሽ ስትጫወት ታይታ ተሸኘች፤ መንገድ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ በማን ላይ እንደሚፈላ ግን አላውቅም። ሰውየውን አልወቅሰውም። ድንኳኑ ጠባብ ነበር፣ ውጭ ያለው ልጅ ብዙ ነበር፤ የሚጫወት ልጅ ድኗል ማለቱም እውነት ነው። እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ መለኪያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አላገኘሁም።

እናቶቹ ነገሩ ገባቸው። ምክሩ በሹክሹክታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አለፈ። እናቴም ሁለታችንን ፊቷ አስቀመጠችን።

«ነጩን የለበሰው ሰውየ ሲመጣ እንዳትጫወቱ» አለች። «አንች ወንድምሽን ያዥው። እስቲሄድ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። ከተጫወታችሁ ወተቱን ይከለክሉናል።»

ከዚያ ወዲያ ድሬሰሩ ብቅ ሲል ያ ሁሉ ሕፃን እንደ ሽማግሌ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ ጀመር። ኳሱ ተንከባሎ እግራቸው ሥር ይቆማል፤ የሚነካው የለም። ወጣቷ ግራ ገባት። ድምፅዋ እስኪሰለል ትዘፍናለች፣ እንዲስቁላት ሆን ብላ ትወድቃለች፤ ዝም ብለው ያዩአታል። አንድ ቀን ኳሱን ታቅፋ ስታለቅስ አየኋት። እውነቱን ሊነግራት የደፈረ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ግን ክልከላውን ራሱን ጨዋታ አደረገው። ነጩ ጋዋን ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይውጣል፤ ሰውየው ከድንኳኑ ጀርባ ሲሰወር ብድግ ብሎ እየተንከተከተ ይዘላል። በማስመሰሉ ከልጆቹ ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር፤ እናቴም በኩራት ታየው ነበር።

አንድ ቀን ሰውየው ሄደና እኔ ተነሳሁ፤ ወንድሜ አልተነሳም። ብነካው ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ለእናቴ ስነግራት ተይው፣ ጎበዝ ሆኖልኛል አለች። በማግስቱም እንዲሁ ተቀመጠ፤ ከዚያም ወዲያ። ድሬሰሩ ያየውና ያልፈዋል፤ ለማይጫወት ልጅ ወተቱ ይገባዋልና። እናቴ የደነገጠችው ከወንድሜ ኩባያ የተረፈውን ወተት እኔ ስጠጣ ባየችኝ ጊዜ ነው። ግንባሩን ነካችው። ከጆሮው ኋላ ሽፍ ብሎበታል።

ኩፍኝ ነበር። በዚያ ጠባብ ድንኳን ውስጥ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያልፍ ሰንብቷል። ድሬሰሩ ደረቱን አዳመጠው፤ አተነፋፈሱ አላማረውም። ቀና ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«መጫወት ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እናቴ ወንድሜን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ያልሰማችው መስሎት ቀስ ብሎ ደገመላት። ምን ትበለው? ያስቆመችው እሷ ናት፤ በየትኛው ቀን ማስመሰሉ አልቆ ሕመሙ እንደጀመረ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሰውየው መርፌ ወጋው፤ ከዚያ በላይ በእጁ ምንም አልነበረም።

እናቴ ወንድሜን አቅፋ ወጣችና ግራሩ ሥር አስተኛችው። የመጠጥ ውሃችንን እንዳመጣላት ነገረችኝ፤ አመጣሁላት፤ ሁሉንም አፈሩ ላይ አፈሰሰችው። ጭቃ አቦክታ በሬ ሠራች፣ ቀጥላም ሌላ በሬ፤ በስንጥር ጠመደቻቸው። ከዚያ ተንበርክካ ማረስ ጀመረች። በእኛ አገር ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ የአራሽ ድምፅም ከሴት አፍ አይወጣም። እሷ ግን ድምፅዋን እንደ አባቴ አጎርንና በሬዎቹን እየተቆጣች፣ እያባበለች ነዳቻቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ አያት፤ የሳቀባት አልነበረም። ልጆቹ አንድ በአንድ ከእናቶቻቸው ጉያ እየወጡ ከበቧት፣ ከጭቃው እየቆነጠሩ የየራሳቸውን ሠሩ። ድሬሰሩ ከድንኳኑ በር ላይ ሆኖ ያይ ነበር። አንዲትም እናት ልጇን አልጠራችም።

ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሰውየው ሄደ?» አለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቱ አገናኘች።

«ሄዷል የኔ ጌታ» አለችው። «በቃ ተጫወት።»

በሬውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጣቶቹን ያጠፈችለትም እሷ ናት። ጣቶቹ መልሰው ተዘረጉ። እሷ ሌላ በሬ ሠራች፣ ሌላም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስታርስ ዋለች።

በማግስቱ ወንድሜን ሲቀብሩት ሴቶቹ ግራና ቀኝ እጇን ይዘው ደገፏት። ጭቃው ከጥፍሮቿ ሥር ገና አልወጣም ነበር።