የካሴቷ ሁለተኛ ገጽ

እስካሁን ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ። ያን ቀን ሆጤ ሰፈር፣ ወላጆቼ ቤት ሳሎን ወለል ላይ ተዘርፍጬ፣ አሮጌ ኮምፒውተሬን በሚሞሪ ካርድ እንዲሠራ ለማድረግ እታገል ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኮምፒውተሩን ያመጣልኝ የአሰብ መንገድ ሹፌር የነበረው አጎቴ ነው፤ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ እኔና ታላቅ እህቴ ተማሪዎች ሳለን። ሁለመናው አንድ ኪቦርድ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኝና ጨዋታውን ከካሴት ያነባል። ካሴቱን በቴፕ የከፈተ ሰው ግን ዘፈን አያገኝም፤ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። እናቴ «አዑዙ ቢላህ! የሸይጣን ሠርግ!» እያለች ከቤት ትወጣ ነበር።

ዘመኑ የሞባይል ሲሆን ኮምቦልቻ ውስጥ የጥገና ሱቅ ከፈትኩ። ለዕቃ ዱባይ የሚመላለስ አንድ ደንበኛዬ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የምትሰካና ሚሞሪ ካርድ የምትጎርስ ትንሽ ሰሌዳ ይዞልኝ መጣ። ሰሌዳዋ ኮምፒውተሩን ታታልለዋለች፤ ካርዱን ካሴት ነው ብሎ ያምናል። ሱቄ ሩቅ ስለሆነ ካርድ እዚያው ከፒያሳ ገዛሁ። ሻጩ ግን መንዙማ ሞልቶበት ኖሯል። ልደመስሰው ስል እናቴ «ኧረ ሀራም ነው!» ብላ ነጠቀችኝና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከሱቄ ባዶ ካርድ አምጥቼ ሰሌዳዋን አጎረስኳት። የቀረኝ ካሴቶቹን በላፕቶፕ እየቀዳሁ ወደ ካርዱ መገልበጥ ብቻ ነበር።

ከካሴቶቹ መካከል አንዷን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃታል። እህቴ አባቴን ሳታስፈቅድ ጅዳ ሄዳ፣ ዓመት ሙሉ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ በመጨረሻ በሰው እጅ የላከችው እሷኑ ነበር። ያኔ ከዐረብ አገር ካሴት መጣ ከተባለ ጎረቤት ተጠራርቶ ነው የልጅቱን ድምፅ የሚሰማው። ቤቱ ጢም አለ። እናቴ ከፈተችው፤ ያ ጩኸት! የእኔው የጨዋታ ካሴት ነበረች፣ ስትሄድ ይዛት የሄደች። አባቴ በጎረቤት ሁሉ ፊት ተነሥቶ ቴፑን ዘጋ።

«ዕቃችንን መለሰችልን» አለ።

እኛ ዘንድ ዕቃ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሎሽ የሚመለሰው እጮኝነት ሲፈርስ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ ስትደውል ከእናቴና ከእኔ ጋር ታወራለች፤ አባቴ ስልኩን አይነካም። ለምን እንደማታገባ ስንጠይቃት «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» ብላ ወሬ ትለውጣለች።

ካሴቷን ልቀዳ ሳነሣ ጫፏ ላይ ያለችው ቀዳዳ በማስቲካ ወረቀት ተወትፋ አየሁ። ቀዳዳዋን የሚወትፍ ሰው ካሴቱ ላይ አዲስ ነገር ሊቀዳ የፈለገ ነው። እኔ አልወተፍኳትም። ገልብጬ ሁለተኛውን ገጽ በቴፑ ከፈትኩት።

«አባባ፣ አሰላሙ አለይኩም።»

እህቴ ናት! ያውም የልጅነት ድምፅዋ።  አባቴ ከሰላት በኋላ መደቡ ላይ ሙስበሃውን ይቆጥር ነበር፤ ጣቱ ባለበት ቆመ።

«ጨዋታውን ያላጠፋሁት ወንድሜ እንዳያኮርፍ ብዬ ነው። አባባ፣ ስመጣ አላስፈቀድኩም፤ አውፍ ይበሉኝ። እዚህ አንድ የቢስቲማ ልጅ ለኒካህ ጠይቆኛል። ደግ ሰው ነው፣ ይሰግዳል። ይህን ግን አንቱ ሳይፈቅዱ ወላሂ አላደርገውም። ባገኙት ሰው ቃልዎን ይላኩልኝ። ዝም ካሉኝ እንቢ እንዳሉ እረዳዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የባዶ ካሴት ሹክሹክታ ብቻ ነው። እናቴ «ያረቢ! ያረቢ!» እያለች ጉንጯን ትመታ ጀመር።  አባቴ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። እስኪያልቅ ቀና ብሎ አላየንም።

«ደውልላት» አለኝ።

ደወልኩ፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈትኩት። ስታነሣ አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ከሄደች ጀምሮ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ፈቅጃለሁ» አላት።

«አባባ? አንቱ ነዎት?» አለችው። «ምኑን ነው የፈቀዱት?»

አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

«የካሴቷን ሁለተኛ ገጽ ሰምተን ነው» አልኳት።

 ከወዲያ የአሠሪዎቿ ቴሌቪዥን በዐረብኛ ሲያወራ ይሰማኛል። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ዛሬ?» አለችኝ። «ዛሬ ነው የሰማችሁት?»