አንድ መንገድ ያለው ካርታ

ደባርቅ ውስጥ ከነበሩት ጌም ቤቶች በአንዱ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። መብራት ባለበት ቀን ለጦርነት ጌም ካርታ መሥራት እለማመዳለሁ። ጌሙ እንደ ዳማ በካሬ የተከፈለ ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው በየተራ ይራመዳሉ፣ የወደቀ አይነሣም። የመጀመሪያ ካርታዎቼ ሜዳ ብቻ ነበሩ። ሜዳ ላይ ጉልበተኛው ያሸንፋል፣ ተጫዋቹ ያዛጋል። ዳገትና መሸሸጊያ እንደሚያስፈልግ ሲገባኝ ያሳደጉኝ አጎቴ የሚኖሩበትን አገር ሣልኩ፤ ከዳባት ወዲያ ያለውን ሸንተረር፣ ወንዙን፣ አናቱ ላይ ያለችውን ማርያምን። ሰማያዊው ሰውዬ ከቤቱ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ አሸነፈ።

አጎቴ ለገበያ ሲመጡ አሳየኋቸው። አገራቸውን ወዲያው አወቁት።

"ጠላቱን የት ነው ያስቀመጥኸው?" አሉኝ።

"ከትልቁ ድንጋይ ኋላ።"

"የለም። ከዚያ ተኩሶ በየት ይመለሳል? የሚያደፍጥ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መመለሻውን ነው። ከወይራው ሥር አድርገው።"

ይህን ያስተማራቸው ፍርሃት ነው። ታላቅ ወንድማቸው በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ እስር ቤት ሞተ፤ በእኛ አገር ልማድ ደሙ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌ ቢልኩ የሟች ወገን "ልጁ ይደግና ስለ አባቱ ደም ይጠየቅ" ብሎ መለሰ። ልጁ ሲያድግ አጎቴ ሲያረጁ ኖሩ።

ቀዩን ወይራው ሥር ካደረግኩት ወዲህ ሰማያዊው ማርያም ደርሶ አያውቅም። ብቻዬን በሁለቱም ወገን እየተጫወትኩ ደጋግሜ ገደልኩት። በመጨረሻ ተናደድኩና በገደሉ በኩል ሌላ መንገድ ቀደድኩለት።

"እንዲህ ያለ መንገድ የለም፣ ዝንጀሮ ካልሆንሁ" አሉ አጎቴ። አጠፋሁት።

በጥቅምት አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ጌም ቤቱ ገባ። የኔን ካርታ ከፈትኩለት፤ ቀዩን መረጠ። ድንጋዩን አልፎ ወይራው ሥር ቆመና ተራውን እያሳለፈ ዝም ብሎ ጠበቀ።

"ከድንጋዩ ኋላ አይሻልህም?" አልኩት።

"ከዚያ መመለሻ የለም" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። ቀጠለና "ሰውዬው ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚሄድ?" አለኝ።

የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። "ብቻውን አይደለም" አልኩት።

ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ወርጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው። እባክዎ ዘንድሮ እንኳ ከማርያም ንግሥ ይቅሩ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"ፈርቼ ከማርያም ከቀረሁ፣ ጓሮዬ ድረስ ይመጣል" አሉና ተኙ። እኔ አልተኛሁም።

ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ጎረምሳው ወይራው ሥር ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል፤ ከጋቢው ሥር አንድ ረጅም ነገር ገፋ ብሎ ይታያል። ሲያየን ለትልቅ ሰው እንደሚገባ ብድግ አለ።

"እንኳን አደረሳችሁ" አለ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አሉ አጎቴ።

ጎረምሳውን ከኋላችን ትተን አለፍን፤ ከዚያ በላይ መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። እኔ ከኋላቸው ልሆን ቆም ስል አጎቴ በትከሻዬ ይዘው ወደፊት ገፉኝ። "ቅደም፤ ወደ ኋላ እንዳታይ" አሉኝ። እስከ ማርያም ደጀ ሰላም ድረስ ትንፋሻቸውን ከጀርባዬ እየሰማሁ ወጣሁ።