ቀይ ክር ያሰርኩበት ማሽላ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ይችንም በራሴ ጣት ነው የምጽፋት። ፊደል የቆጠርኩት መጠለያ ውስጥ በጎልማሳነቴ ነውና ስህተት ብታገኙ እለፉት...

ትናንት ከሰዓት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ፣ ሻይ ከምትሸጠው ፋጡማ ዘንድ ከተገኘ ጋር ተቀምጠናል። ተገኘ የአገሬ ሰው ነው፤ አብረን ተሰደን አብረን አረጀን። ከፊታችን ሎሪዎች ወደ ወደብ የሚሄድ ማሽላ ይጭናሉ። አገሩ ዘንድሮም ተርቧል... ምላሴ አላርፍ አለች።

«ጎረቤት እየተራበ እህል ባሕር የሚሻገርበት ንግድ ምን የሚሉት ንግድ ነው?»

«ዓለም አንድ ገበያ ሆነች እኮ!» አለ ተገኘ። «የያዝከው ስልክ ጎንደር ነው የተሠራው? እህሉ ይሄዳል፣ ስልኩ ይመጣል፣ ሰው ያልፍለታል።»

«ስልክ ይበላል?»

ፋጡማ ሳቀች። «ያ ዞል፣ እናንተ ሰዎች፣ በየቀኑ ይችኑ ነው የምትከራከሩት። ስኳሬም ከባሕር ማዶ ነው፣ ጠጡና ዝም በሉ!»

ተገኘ መረታት አይወድም። እኔም አልወድም።

«በዚያ በክፉ ዘመን ያቆመን ምን ሆነና?» አለኝ። «ጆንያውን ስትሰፋ የከረምክበት ማሽላ ባሕር ተሻግሮ ለከብት መኖ ባይሸጥ ሥራ ከየት እናገኝ ነበር?»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «የቱ ማሽላ?»

ዓይኑን ወደ ሎሪዎቹ መለሰ...

ልንገራችሁ። በረሃቡ ዘመን እኔ እዚሁ ገበያ የጆንያ አፍ ሰፊ ነበርኩ፣ ተገኘ ካቦዬ። ባለቤቴ ዝናሽ ድንበሩ አጠገብ መጠለያ ውስጥ ነበረች። ተገኘ «ይሄ እህል መጠለያ ላለው ለአገርህ ሰው ነው የሚሄደው፣ በርታ!» ሲለኝ ጣቴ እስኪደማ ሰፋሁ። ስንለያይ ዝናሽ ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር ተርትራ ሰጥታኝ ነበር። ከየሎሪው ጭነት የአንዱን ጆንያ ጆሮ በቀዩ ክር አስር ነበር። ስታየው በሕይወት እንዳለሁ ታውቃለች፣ እጄ የነካውን ትበላለች ብዬ።

አንድም አልደረሳት።

የመጠለያው እህል አከፋፋይ ወንድሟ አለባቸው ነበር። ወደ መጠለያው ስመለስ በሰው ፊት «የእህትህን ጉሮሮ የሸጥክ ሌባ!» አልኩት። በማርያም ማለልኝ... አላመንኩትም። ዝናሽ በሁለታችን መሀል ስትሳቀቅ ኖረች። ስትሞት ሊቀብራት መጣ። ከደጅ መለስኩት... እኔው ነኝ የመለስኩት።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ተገኘን።

«ብነግርህ ሥራውን ጥለህ ትሄድ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደግሞ ዝናሽን ያተረፋት የእርዳታ ስንዴ ከየት መጣ? ከባሕር ማዶ አይደለም?»

እሱስ እውነቱን ነው፤ ላኪዎቹን እግዜር ይስጣቸው። ግን ስንዴው ከማዶ እስኪመጣ ማሽላዬ ወደ ማዶ ሄደ፣ ዝናሽ ደግሞ መሀል ላይ ቀይ ክር ስትጠብቅ ከሳች። በክርክሩ ማን እንደረታ እናንተ ፍረዱ። እኔ ዓለምን አላውቀውም... ተገኘን ግን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አለባቸውን ስረግም አርባ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ያለብኝን ዕዳ ለልጆቼ አልተውም፣ ራሴ ነው የምከፍለው። መጀመሪያ ኒው ሀልፋ ከተማ ሄጄ፣ አለባቸው ደጅ፣ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ እወድቃለሁ። ይቅር ካለኝ እጁን ይዤ ዝናሽ መቃብር አደርሰዋለሁ። ለእሷም ቀዩ ክር የት እንደሄደ እነግራታለሁ።

ተገኘ ልሄድ መሆኔን ሰምቶ ዛሬ ጠዋት «ድንጋዩን ላግዝህ» ብሎ ላከብኝ... ይቅርብኝ። የዚህን ሸክም መድረሻ በዓይኔ አይቼ ነው የማራግፈው።