ለጥዱ ያልተነገረው ፎቶ

ሥራዬ ጎንደር ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሳተላይት ያነሳችውን የደን ፎቶ ማየት ነው። የፈረንጅ ጥድን ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ ጭማቂውን እየመጠጠ ያደርቀዋል፤ የተያዘው ዛፍ ከላይ ሲታይ ቀላ ይላል። እኔ ቀላ ያለውን እየለየሁ "ይቆረጥ" እላለሁ። እንጀራዬ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የተወለድኩባትን ፀዳን ሳይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንድ ጥድ ቀልቷል። ወይ ጉዴ፣ የኛ ግቢ ነው።

አባየ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ከዚያ ጥድ ሥር ካልተቀመጡ የዋሉ አይመስላቸውም። ፎቶውን በስልኬ ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ነግረሽው ነው ያነሳሽው?" አሉኝ።

"ማንን?"

"ጥዱን ነዋ። ሰውም እኮ ሳይነገረው ፎቶ ሲነሳ በሽተኛ ይመስላል። እንደገና ይነሳ።"

ቅርንጫፍ ጎትቼ ክሽክሹን አሳየኋቸው። "እኔንስ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቅማል ሲበላኝ ማን ቆረጠኝ?" አሉ።

ቢቸግረኝ ሳተላይቷ የምታልፍበትን ቀን ነገርኳቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት አባየ መሰላል ላይ ወጥተው ጥዱን አጠቡት። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር፣ እማየ ያጠራቀመችውን ጀሪካን ሁሉ አንጠፍጥፈው።

"ስንቱን ልጅ በአንድ ጣሳ ውሃ አጥቤ አሳድጌ፣ ዛሬ ለዛፍ በጀሪካን?" አለች እማየ።

አባየ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ከጥዱ ጎን ቀጥ ብለው ቆሙና ሽቅብ እያዩ ጠበቁ። ጎረቤታችን ብቅ ብሎ ምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው "ፎቶ እየተነሳን ነው፤ ከፈለግህ ቁም" አሉት። ቆመ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ ደግሞም ተናድጄ ነበር፣ ጥዱ እየሞተ ነበርና።

አዲሱ ፎቶ ሲመጣ ጥዱ ብሶበታል። አባየ ከጎኑ ነጭ ነጥብ ሆነዋል። "እኔስ ሸጋ ወጥቻለሁ" አሉ። ከዚያ ጣታቸው ከአጥሩ ማዶ ሄዶ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ በኛ በኩል ያለው ጎኑ መቅላት ጀምሯል።

"ይኸስ?"

"ከኛ የተሻገረ ነው፣ አባየ።"

ስልኩን መለሱልኝ፤ ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። የመጀመሪያውን እሳቸው መቱ፤ የቀረውን ወንድሞቼ ጨረሱት። እማየ እንኳ ያን ቀን ስለ ውሃ አላነሳችም።

ከወራት በኋላ የሰፈሩ ፎቶ እንደገና ደረሰኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ መቅላቱ ቆሟል፤ ተመስገን አልኩ። ወደኛ ግቢ ስመለስ ግን ጥዱ በነበረበት ቦታ አንዲት አረንጓዴ ክብ ነገር አለች። ዛፍ እንዲህ በአጭር ጊዜ አይበቅልም። ደወልኩ።

"ዣንጥላ ነው" አለች እማየ። "አባትሽ አረንጓዴ ካልሆነ ብለው ገበያውን ሲያስሱ ከረሙ። ጉቶው ላይ ተቀምጠው ይዘረጉታል።"

አባየ ስልኩን ተቀበሏት።

"ከላይ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ቀላ ይላል?"

"ኧረ የለም፣ አባየ" አልኳቸው። "ለምለም ነው።"