የመስመር ዳኛው ቴሌቪዥን

ክላተን ከተማ ዳር ባለችው ሰፈር የመስመር ዳኛው ቱኪራን ነው። ደመወዝ የለውም፤ ያለው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የነጻነት በዓል ሲደርስ ሰፈሩ የባድሚንተን ውድድር ያደርጋል፤ ያቺ ወንበርም መስመሩ ጥግ ትቀመጥለታለች። ላባዋ፣ ማለትም በራኬት የሚመቷት ባለ ላባ ኳስ፣ ከመስመሩ ውጭ ካረፈች ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ ውስጥ ካረፈች በቀኝ እጁ ወደ መስመሩ ያመለክታል። ሦስተኛም ምልክት አለ፦ ዳኛው ሳያያት ካመለጠችው ዓይኑን በሁለት እጁ ይሸፍናል። ቱኪራን ይህችን ምልክት አንድም ቀን አሳይቶ አያውቅም። ሰዎች በአጥር ድንበር ሲጣሉ እንኳ «እስቲ ቱኪራን ይይልን» ይባባላሉ። ዓይኑ ሀብቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሌላ ሀብት የለውማ።

ባድሚንተን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እሱ በረንዳ ላይ ይሰበሰባል። ቱኪራን ከቴሌቪዥኑ ዳኛ ቀድሞ ይፈርዳል፤ ሰዉም የሚመጣው ጨዋታውን ለማየት ብቻ ሳይሆን ፍርዱን ለመስማት ነው። ዘንድሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። እሱ ውጭ ሲል ውስጥ፣ ውስጥ ሲል ውጭ መሆን ጀመረ። ጎረቤት ጨዋ ነውና የተጠበሰ ካሳቫውን እያኘከ ዝም አለ። ዝምታው ከስድብ ባሰበት።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ፓክ» አለው ጎረቤቱ ጊያርቶ፤ በአገሩ ወግ ታላቅ ወንድ «ፓክ»፣ ታላቅ ሴት ደግሞ «ቡ» ይባላሉ። ጊያርቶ ሞተር ሳይክል ይጠግናል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ሁሉ ላይ አስተያየት አለው። «ይሄ ቴሌቪዥን ስልሳ ኸርዝ ነው። ምስሉን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀይረው። ላባዋ በመሃል ሹልክ ትላለች። መቶ ሃያውን ይግዙ።»

ለቱኪራን ይህ ወሬ ማር ሆነለት። ጥፋተኛው ተገኘ። በሳምንቱ ሚስቱን ፓይኔምን ይዞ ከተማ ወረደ፤ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ ሸጣ ያጠራቀመችው ገንዘብ ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነውና።

ዳኑ የሚባለው ሻጭ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን አድርጎ አንድ ዓይነት ጨዋታ ከፈተላቸው። ግራው ስልሳ፣ ቀኙ መቶ ሃያ።

«በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ?» አለች ፓይኔም። «እንዲህ የሚያጣድፈው ምንድን ነው?»

«ለእንቅስቃሴ ነው ቡ። ዜና ብቻ ለሚያይ ሰው ስልሳው ይበቃል፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። ስፖርት ለሚያይ ግን ያዋጣል። ልዩነቱ ሦስት ሚሊዮን ሩፒያ ነው።»

«በሦስት ሚሊዮን ፍየል ይገዛል።»

«ፍየል ባድሚንተን አታሳይም» አለ ቱኪራን።

«ትወልዳለች ግን።»

ቱኪራን ዓይኑን ስክሪኖቹ ላይ ተከለ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ ዘሎ መታ። ግራው ላይ ላባዋ ከራኬቱ ወጥታ ጠፋች። ወደ ቀኙ፣ ወደ ውዱ ዞረ። እዚያም ከራኬቱ ወጥታ ጠፋች። ጠጋ አለ። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ አየ፣ ከዚያ ሌላውን። ዳኑ በትሕትና «ፓክ፣ አፍንጫዎ መስታወቱን ነካው» እስኪለው ድረስ ተጠጋ።

ቱኪራን ፈራ።

«እንዴት አገኙት?» አለ ዳኑ።

«ልዩነት የላቸውም» አለ ቱኪራን በዳኛ ድምፁ። «ሦስት ሚሊዮን አያወጣም።»

«ግን እኮ ግራው ላይ ላባዋ ጭራ ትጎትታለች፣ ቀኙ ላይ ደግሞ ጥርት ብላ...»

«ፈርጃለሁ።»

ፓይኔም ቴሌቪዥኖቹን ትታ እሱን ነበር የምታየው። ቦርሳዋን ዘጋች። «እንግዲያው የድሮው ይበቃናል» አለችና ወጡ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው ያወራችው፤ እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ስለ ሽንኩርት መለሰላት።

ነሐሴ ደረሰ። አልቀመጥም ቢል ለምን እንደሆነ ይጠየቃልና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ላባዋን ባያያትም የተመልካቹን ጉርምርምታ ይሰማል፤ በጉርምርምታው መፍረድ ጀመረ። እንዲያውም ሠራለት። እስከ ፍጻሜው ድረስ አንድም ፍርድ አልተሳሳተም፤ ሰዉም «ያው ቱኪራን ነው» አለ።

ከፍጻሜው ተጫዋቾች አንዱ ጊያርቶ ነበር። በመጨረሻዋ ነጥብ ላባዋ ከፍ ብላ ሄዳ ወደ ቱኪራን ጥግ ወረደች፤ ይህን ያወቀው የሁሉም አንገት ወደ እሱ ሲዞር ነው። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የሚያጉረመርም ጠፋ።

እጁን ቢዘረጋም ያምኑታል፤ ወደ መስመሩ ቢያመለክትም ያምኑታል። ክፋቱ ይኸው ነበር። ከመረቡ ማዶ ጊያርቶ ቆሟል፤ ጊያርቶ መሆኑን ያወቀው በቀይ ሸሚዙ ነው። ቱኪራን ሁለት እጁን አነሣና ዓይኑን ሸፈነ።

ዋናው ዳኛ ግራ ተጋብቶ ቆየና ነጥቡ ይደገም አለ። ቱኪራን ግን እጁን አላወረደም። ከመዳፉ በታች ፊቱ ረጥቦ ነበርና ለማውረድ አፈረ።

ፓይኔም ለተመልካቹ ሻይ ከምትቀዳበት ጠረጴዛ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ፓክኔ» አለችው፤ ልጆች ከወለዱ ወዲህ የምትጠራው እንዲህ ነው። «እጅህን አውርድ። ይደገማል ተብሏል።»

«ሱቁ ውስጥም በሁለቱም ቴሌቪዥን ላባዋን አላየኋትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዳኛው አንተ ነሃ። እስክትፈርድ ነው የጠበቅኩት። ገንዘቡ አለ፤ ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

ቱኪራን ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «አሁንስ? መስመሩን ማን ያየዋል?»

«ተነሥ» አለችው። ተነሣ። ፓይኔም በሽርጧ እጇን አደራርቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ከኋላዋ ቆመ። «ስታርፍ ንገሪኝ» አላት ቀስ ብሎ።