የተሰረዘው እሺታ

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንድ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ ፊት መደወል ስለማይመቻት በጽሑፍ ነበር የሚገናኙት። እናትየው ማንበብ ስለማይችሉ የመጣውን አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉትን እጽፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቱ እዚያው ጂዳ ኮምፒውተር የሚጠግን የጎረቤት ወረዳችን የወግዲ ልጅ ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ ሽማግሌዎቹም ለጁምዓ እንደሚመጡ ጻፈች። «እማዬ፣ እሺ በይልኝ» አለች።

እናትየው የልጁን ቤተሰብ ያውቃሉ። ፊታቸው በራ።

«እሺ ልበላት?» አልኳቸው።

«አብደሃል? ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ ይባላል? ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። እሷም ትንሽ ትቁም!»

ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ስንጽፍ ልጅቱ ዘንድ «እየጻፉ ነው» የሚል እንደሚወጣ፣ ጣቴን ካነሳሁ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ እንደሚጠፋ ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ነበር።

«በል ጻፍ፣ አጥፋ፣ ጻፍ፣ አጥፋ» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ያሻህን! እንደሁ አይደርሳት።»

ዝም ብሎ ፊደል መደርደር አይሆንልኝም። «እናትሽ በደስታ ሊፈነዱ ነው።» ጽፌ ሰረዝኩ። «ሆን ብለው ነው የሚያስጠብቁሽ።» ጽፌ ሰረዝኩ። አራት ነጥብ ሳላደርግ አንዱንም አልሰረዝኩ። እናትየው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

ድንገት ልጅቱ ጻፈች፦ «ካልወደድሽው ይቅር። እንዳይመጡ አሁኑኑ አስነግራለሁ።»

ሳነብላቸው ሳቃቸው ደረቀ። «ወላሂ ታደርገዋለች! የአባቷ ልጅ ናት። ምን ታየኛለህ፣ እሺ በላት! ይምጡ በላት! በግ አርዳለሁ በላት!»

ጽፌ ላክሁት። «እየጻፈች ነው» ይላል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ይወጣል። እናትየው ትከሻዬን ይዘው ይነቀንቁኛል።

በመጨረሻ መጣ፦ «ወንድሜ፣ የወግዲው ልጅ የጫነልኝ አዲሱ ፕሮግራም ካንተው ፕሮግራም ጋር ይግባባል። ስትጽፍም ስትሰርዝም እያንዳንዷ ፊደል ትታየኛለች፤ አራት ነጥብህም ጭምር። የኔን ግን እንዳይታይህ ዘግቼዋለሁ። ለእማዬ እንዳትነግራት።»

ሳይላክ ፊደሉን የሚያሳይ ፕሮግራም እንዳለ አውቅ ነበር። የሁለቱ ወገን ካልገጠመ ግን የሚታየው «እየጻፉ ነው» ብቻ ነው። የሷ አይገጥምም ብዬ ሳላጣራ ቀረሁ። እኔ!

«ምን አለች? ተናገር እንጂ!»

«ደስ ብሏታል።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ጽፋ ደስ ብሏታል ብቻ?»

«ሰላምታው ነው የበዛው።»

«እሱስ በወግ አሳድጌያታለሁ» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። ገበያው ሳይበተን በግ ለማየት እየተጣደፉ ወጡ።